ከአራተኛው ግጥሚያ በፊት፦ የሴት ቦክሰኛ የመጀመሪያ ዓመታት ከራያ ቆላ ሲታዩ

በለንደኑ የ2012 ኦሊምፒክ በቦክስ ወርቅ ካጠለቁት መካከል የሁለቱን የኋላ ጉዞ ጎን ለጎን ማየት ብዙ ያስተምራል። (በዚህ ጽሑፍ የኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆኑ ካልተጠቀሰ በቀር ቀኖቹም ዓመታቱም በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) አንዱ በሱፐር ከባድ ሚዛን የተወዳደረው እንግሊዛዊው አንቶኒ ጆሹዋ ነው። ሌላዋ የአሜሪካዋ የፍሊንት ከተማ ልጅ ክላሬሳ ሺልድስ ናት፤ በመካከለኛ ሚዛን ስታሸንፍ ገና 17 ዓመቷ ነበር። ጆሹዋ በዓመቱ፣ በጥቅምት 2013፣ ለንደን ውስጥ ፕሮፌሽናል ሆኖ ሪንግ ወጣ፤ የዓለም ቀበቶ የታጠቀው በ16ኛው ግጥሚያው፣ በ2016 ነው። ሺልድስ ግን አራት ዓመት ሙሉ በአማተርነት ቆየች። በሪዮ ሁለተኛ ወርቅ ካጠለቀች በኋላ ፕሮፌሽናል ሆነችና በአራተኛው ግጥሚያዋ የዓለም ሻምፒዮን ተባለች።

ለመግባት ዘገየች፣ ከገባች በኋላ ፈጠነች። የስፖርት ጋዜጠኞች መዘግየቷን በትዕግሥት፣ መፍጠኗን በተሰጥዖ ሲያስረዱ ይታያል። በእኔ አመለካከት ሁለቱም የመጡት ከአንድ ምንጭ ነው፤ ምንጩም የሴቶች ቦክስ የተጋጣሚና የገበያ ድህነት ነው።

መዘግየቷን እንይ። ሺልድስ ከለንደን ስትመለስ ጆሹዋን የጠበቀው ዓይነት ስፖንሰር አልጠበቃትም። «ቲ-ሬክስ» በተሰኘው ዘጋቢ ፊልም እንደሚታየው፣ ሰው መምታት እንደምትወድ በአደባባይ መናገሯን እንድትተው የመከሯት ሰዎች ነበሩ። ከወንድ ቦክሰኛ አፍ ቢወጣ ለፖስተር የሚመረጥ ቃል ነው። የአሜሪካ ቴሌቪዥንም የመሐመድ አሊ ልጅ ላይላ አሊ በ2007 ጓንቷን ከሰቀለች ወዲህ ለሴቶች ቦክስ ጀርባውን ሰጥቶ ነበር። ክሪስቲ ማርቲን በ1996 ከታይሰንና ብሩኖ ፍልሚያ በፊት ከዴርድሬ ጎጋርቲ ጋር ተጋጥማ ያስነሣችው ጉጉት አሥር ዓመት እንኳ በቅጡ አልዘለቀም። ስለዚህ ለሺልድስ አማተር ሆኖ መቆየቱ የሒሳብ ጉዳይ ነበር። የኦሊምፒክ ኮሚቴው ወርኃዊ ድጎማ ትንሽ ቢሆንም ይመጣል፤ የፕሮፌሽናሉ ክፍያ ግን መምጣቱም አይታወቅም።

ወደ መፍጠኗ ስንመጣ ማስረጃው ይበልጥ ይከማቻል። ኅዳር 19 ቀን 2016 ላስ ቬጋስ ውስጥ፣ ከኮቫሌቭና ዋርድ ፍልሚያ ቀደም ብሎ፣ ሺልድስ የመጀመሪያዋን ባለአራት ዙር ግጥሚያ አደረገች። ተጋጣሚዋ በአሜሪካ የአማተር ውድድሮች የምታውቃት ፍራንቾን ክሩስ ነበረች፤ ለእሷም የመጀመሪያ ምሽቷ ነው። ሺልድስ በሙሉ ዳኞች ድምፅ በነጥብ አሸነፈች። የቦክስን ንግድ የሚያውቅ ሰው እዚህ ላይ ቆም ማለት አለበት። ተስፋ የተጣለበት ወንድ ለመጀመሪያ ምሽቱ የሚሰጠው ተጋጣሚ ለመሸነፍ የሚከፈለው፣ ዕድሜው የገፋ ወይም መዝገቡ በሽንፈት የተሞላ ሰው ነው። ለሺልድስ የተሰጠቻት ክሩስ ግን ኋላ ራሷ የዓለም ሻምፒዮን ሆናለች፤ በ2022 በሱፐር መካከለኛ ሚዛን ያሉትን ቀበቶዎች ሁሉ ጠቅልላለች። በዚያ ሚዛን ደኅና ቡጢ የሚሰነዝሩ ሴቶች በጣት ስለሚቆጠሩ ሁለቱ ገና በመነሻቸው መገናኘታቸው አይቀርም ነበር።

ከዚያ በመጋቢት 2017 ዲትሮይት ላይ የሃንጋሪዋን ሲልቪያ ሳባዶስን በአራተኛው ዙር ጨረሰቻት። ያ ግጥሚያ በአሜሪካ ክፍያ ቴሌቪዥን የሴቶች ቦክስ የምሽቱ ዋና ፍልሚያ የሆነበት የመጀመሪያው ነው። በሰኔ ሲድኒ ለብላንን በስምንት ዙር በነጥብ፣ በነሐሴ 4 ደግሞ ያልተሸነፈችውን ጀርመናዊት ኒኪ አድለርን በአምስተኛው ዙር አሸንፋ ሁለት ቀበቶ ታጠቀች። ዘጠኝ ወር ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ከመነሻ እስከ ዓለም ሻምፒዮን! በሰኔ 2018 የኮስታሪካዋ ሃና ጋብሪኤልስ በመጀመሪያው ዙር መሬት ብታስነካትም ተነሥታ በነጥብ ረታቻት። በጥር 2020 በአሥረኛው ግጥሚያዋ በሦስተኛ ሚዛን ሻምፒዮን ሆነች።

ወንዶችም በጥቂት ግጥሚያ ሻምፒዮን ሆነዋል የሚል ተቃውሞ ይነሣል፤ እውነት ነው። እንደ ሺልድስ የሁለት ኦሊምፒክ ወርቅ ባለቤት የሆነው ዩክሬናዊው ሎማቼንኮ በሦስተኛው ግጥሚያው ቀበቶ ወስዷል። ነገር ግን ለሎማቼንኮ ያ ምርጫ ነበር፤ ረጅሙ መንገድ ተነጥፎለት ሳለ አቋራጩን ፈለገ። ሺልድስ ረጅሙን መንገድ ልሂድ ብትል እንኳ የሚያስሄዳት ተጋጣሚ አልነበራትም።

እዚህ ላይ የጊዜው ነገር ይጨመራል። የሴቶች ፕሮፌሽናል ዙር በተለምዶ ሁለት ደቂቃ ነው፤ የሻምፒዮና ግጥሚያም አሥር ዙር። በድምሩ ሃያ ደቂቃ ይሆናል፤ የወንዶቹ 36 ነው። ሁለት ደቂቃ ያደከሙትን ተጋጣሚ ለመዘረር አይበቃም። በዝረራ የሚያልቅ ግጥሚያ ሲያንስ «የሴቶች ቦክስ አያጓጓም» ይባላል፣ አያጓጓም ተብሎ ክፍያው ይቀነሳል። የፖርቶ ሪኮዋ አማንዳ ሴራኖ በ2023 ከዳኒላ ራሞስ ጋር 12 ዙር በሦስት በሦስት ደቂቃ ተጋጠመች፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ የዓለም ቦክስ ምክር ቤት ሦስት ደቂቃውን ስላልፈቀደ ቀበቶውን ትታለት ሄደች። ሴት ቦክሰኛ ገና ስትጀምር የምትፈርመው ውል ይህን ሁሉ በውስጡ ይዞ ነው የሚመጣት።

የአፍሪካ ሴቶች መነሻ ደግሞ ሌላ መልክ አለው። ሺልድስ የመጀመሪያ ግጥሚያዋን ከማድረጓ ጥቂት ሳምንታት በፊት፣ በጥቅምት 2016 መጀመሪያ፣ በራሷ በሺልድስ ከተማ በፍሊንት የዓለም ሻምፒዮና ተካሂዶ ነበር። የኬንያዋ ፋጡማ ዛሪካ የ49 ዓመቷን አሊሺያ አሽሊን በተከፈለ የዳኞች ድምፅ አሸንፋ የዓለም ቦክስ ምክር ቤትን የሱፐር ባንተም ሚዛን ቀበቶ ወደ ናይሮቢ ይዛ ተመለሰች። ዛሪካ በዚያን ጊዜ 31 ዓመቷ ነበር፤ በመዝገቧም ከአሥር በላይ ሽንፈት ነበረባት። ሽንፈቶቹን የድክመት ምልክት አድርጎ ማንበብ ስህተት ይመስለኛል። በቦክስ ንግድ ቤተኛና እንግዳ አለ። ቤተኛው ትኬት የሚሸጥበት ነው፤ ተጋጣሚው ይመረጥለታል፣ ዳኛውም ሕዝቡም የአገሩ ነው። እንግዳው ሻንጣ ይዞ የሚመጣው ነው፤ ስልክ ሲደወልለት በጥቂት ቀን ኪሎ ቀንሶ ይሳፈራል። ዓለም አቀፍ ግጥሚያ የምትሻ የምሥራቅ አፍሪካ ሴት የሚጠብቃት አብዛኛውን ጊዜ የእንግዳነት ወንበር ነው። ዛሪካን ልዩ የሚያደርጋት ከዚያ ወንበር ተነሥታ ቀበቶ መውሰዷ ነው።

ቤተኛ መሆን የቻለች አፍሪካዊትም አለች። የዛምቢያዋ ኤስተር ፊሪ በዚህ ምዕተ ዓመት መባቻ ማግስት ከድህነትና ከልጅነት እናትነት ተነሥታ፣ በሉሳካ በገዛ ሕዝቧ ፊት ለሻምፒዮንነት በቅታለች። ከኬንያዋ የተሻለ ቡጢ ስለነበራት አይመስለኝም። ተጋጣሚ ከባሕር ማዶ አስመጥቶ አዳራሽ የሚያስሞላ ፕሮሞተር ስላገኘች ነው።

ይህን ሁሉ ይዤ በሰሜን ወሎ፣ በራያ ቆላ ወዳለችው ከተማ ወደ ቆቦ ልምጣ። ኢትዮጵያ እስከ ፓሪሱ የ2024 ውድድር ድረስ ያገኘቻቸው የኦሊምፒክ ሜዳሊያዎች በሙሉ በአትሌቲክስ ናቸው፤ የሯጮቹም መነሻ በብዛት ደጋ ነው። ከእነሱ ብዙዎቹን ያፈራችው በቆጂ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ቆቦ ከ1,500 ሜትር በታች ናት፤ በምሥራቅ የዞብል ተራራ የሚያዋስነው፣ ማሽላና ጤፍ የሚበቅልበት፣ በቆቦ ግራና ሸለቆ የከርሰ ምድር ውኃ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚለማበት ሞቃት ሜዳ። ደራርቱ ቱሉ በ1992 በባርሴሎና የከፈተችው በር ለራያ ቆላ ልጅ በተፈጥሮ ጠበብ ይላል። ቦክስ ግን ከፍታ አይጠይቅም። የአክራው ቡኮም ሰፈርም ሆነ ሃቫና በባሕር ጠረፍ ሙቀት ውስጥ ሆነው ዓለምን ያስደነቁ ቡጢኞች አፍርተዋል። የስፖርት ተቋሞቻችን ዓይናቸውን ደጋ ላይ ብቻ መትከላቸው ቆላውን የዘነጋ ይመስለኛል።

ራያን የጀግንነት አገር የሚለውን የተለመደ ወሬ እዚህ ማስገባት አልፈልግም። ዱላና ጠመንጃ የሚወደስበት አገር ሁሉ ቦክሰኛ ያወጣል ማለት አይደለም፤ ወሬውም ወንዱን እንጂ ሴቷን አይቆጥርም። ሴቷን የሚመለከት ነገር ከተፈለገ ሶለል የተባለው የልጃገረዶች በዓል አለ። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከነሐሴ 16 ጀምሮ የቆቦ ልጃገረዶች ተቧድነው ከበሮ እየመቱ ከቤት ቤት ይዞራሉ፤ አደባባዩ በእነዚያ ቀናት የእነሱ ነው። ችግሩ የዕድሜው ልክ ነው። ሺልድስ ቦክስ የጀመረችው በ11 ዓመቷ፣ በፍሊንት በርስተን ፊልድ ሃውስ በተባለው የሰፈር ጂም፣ በአሰልጣኝ ጄሰን ክራችፊልድ ሥር፣ ከወንዶች ልጆች ጋር እየተለማመደች ነው። ከ11 እስከ 18 ያለው ዕድሜ በአማራ ክልል ገጠር ያለ ዕድሜ ጋብቻ ልጃገረዶችን ከትምህርት ገበታ የሚወስድበት ዕድሜ ነው። ሕጉ 18 ይላል፤ የሽማግሌ ደጅ መጥናት ግን ሁልጊዜ ሕጉን አይጠብቅም። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከሐምሌ 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ጦርነት ቆቦን ደጋግሞ መጎብኘቱ ደግሞ የትምህርት ቤቱንም የስፖርት ሜዳውንም ዘመን ቆራርጦታል።

ፍሊንትም የተመቻት ከተማ አይደለችም። የመኪና ፋብሪካዎቿ ተዘግተው ሥራ የጠፋባት፣ ከ2014 ጀምሮ የቧንቧ ውኃዋ በእርሳስ የተመረዘባት ናት። ጓንትና የቡጢ ከረጢት ያለበት ጂም ደግሞ በቆቦም ቢሆን በመጠነኛ ወጪ ይቆማል። ልዩነቱ ያለው በውድድሩ መረብ ላይ ነው። ሺልድስ በአማተርነት ዘመኗ 77 አሸንፋ የተሸነፈችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ በ2012 ቻይና ውስጥ በእንግሊዛዊቷ ሳቫና ማርሻል። እንግዲህ «አራተኛው ግጥሚያ» የሚባለው በእውነቱ 82ኛው ነበር። በፕሮፌሽናሉ መንደር ያልተነጠፈላት መንገድ በአማተሩ ውስጥ ተነጥፎላት ኖሯል።

ሒሳቡን ወደ ሰሜን ወሎ እናምጣው። 78 የአማተር ግጥሚያ በአሥር ዓመት ሲካፈል በዓመት ስምንት ገደማ ነው። ለእያንዳንዱ ግጥሚያ በኪሎም በዕድሜም የምትመጥን ሌላ ልጅ፣ ዳኛ፣ ሐኪምና የመኪና ኪራይ ያስፈልጋል። ቆቦ ደሴን፣ ወልድያን፣ አላማጣንና መቀሌን በሚያገናኘው አውራ መንገድ ላይ ናት፤ ሰላም ሲሆን ተጋጣሚ ፍለጋ በጧት ወጥቶ በማታ መመለስ ይቻላል። ወልድያም ከ2017 ጀምሮ ከ25 ሺህ በላይ ሰው የሚይዝ ስታዲየም አላት። የጎደለው ግን በዚህ መንገድ ዳር ባሉት ከተሞች በየሚዛኑ ቢያንስ አራት አምስት ልጃገረዶችን መዝግቦ፣ በዓመት ስምንት ጊዜ የሚያገናኝ አካል ነው፤ የ15 ዓመት ልጅ ወደ ደሴ ስትሄድ ለእናቷ «እኔ አመጣታለሁ» ብላ የምትዋስ ሴት አሰልጣኝም።