የተተከለ ኩላሊትና የከሚሴ መንገድ

መስከረም 2008 ዓ.ም. አዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ የኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኩላሊት ንቅለ ተከላ ተካሄደ። ማዕከሉ የተደራጀው ከአሜሪካው ሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ነው። ከዚያ በፊት አቅም ያለው ወደ ውጭ ይሄድ ነበር፤ የሌለው ከኩላሊት እጥበት ሌላ መንገድ አልነበረውም።

በቅዱስ ጳውሎስ ኩላሊቱን ሲሰጥ የቆየው በአብዛኛው የሥጋ ዘመድ ነው። ይሁንና ለሰውነት የወንድም ኩላሊት እንኳ ባዕድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 ዶክተር ጆሴፍ መሬይ ቦስተን ላይ ያካሄዱት ንቅለ ተከላ የሰመረው ሰጪና ተቀባይ ፍጹም ተመሳሳይ መንትዮች ስለነበሩ ነው። ለሌላው ሰው ተስፋ የመጣው በ1960ዎቹ በአዛታዮፕሪን፣ በ1980ዎቹ ደግሞ ከፈንገስ በተገኘው ሳይክሎስፖሪን ነው። ሁለቱም የሰውነትን መከላከያ ያለዝባሉ።

ነገሩ ግን በዚህ አላበቃም። እ.ኤ.አ. በ1998 የለንደን ኪንግስ ኮሌጅ ሐኪሞች አንድ እንግዳ ነገር ዘገቡ። ጉበት የተተከለላቸው ጥቂት ሕፃናት፣ ቀድሞ ያልነበረባቸው፣ ሰውነት የራሱን አካል ሲያጠቃ የሚከሰት ዓይነት የጉበት በሽታ ያዛቸው። በ2005 የበርሊን ተመራማሪዎች ደግሞ የተተከለ ኩላሊትን የሚጎዳ፣ በማንኛውም ሰው አካል ውስጥ ያለን ፕሮቲን የሚያጠቃ ፀረ እንግዳ አካል አገኙ። ጠባቂው ባዕዱን ሲፋለም የገዛ ቤቱንም ሊመታ ይችላል ማለት ነው። ስለዚህ ቀዶ ሕክምናው መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ አይደለም፤ መድኃኒቱና የደም ምርመራው ዕድሜ ልክ ነው።

አሁን ካርታውን እንመልከት። የኦሮሞ ብሔረሰብ ልዩ ዞን መቀመጫ ከሚሴ ከአዲስ አበባ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች፤ መንገዷም በሸዋ ሮቢትና በአጣዬ ያልፋል። በ2013 ዓ.ም. በአጣዬና አካባቢው ግጭት ሲነሣ ይህ መንገድ ተቋረጠ፤ በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻ ላይ ደግሞ ጦርነቱ ራሷ ከሚሴ ደረሰ። መንገድ ሲዘጋ ነጋዴው ይከስራል፣ ተማሪው ይቀራል። ኩላሊት ለተተከለለት ሰው ግን የተቋረጠ ኪኒን ማለት ወንድሙ የሰጠውን አካል ማጣት ሊሆን ይችላል።

የንቅለ ተከላ ታሪካችን የሚለካው አዲስ አበባ ላይ በተሠራው ቀዶ ሕክምና ብዛት ብቻ መሆን የለበትም። መድኃኒቱ ደሴ ላይ ሲገኝ፣ ምርመራው ከሚሴ ላይ ሲሠራ፣ ለክፉ ቀንም የወራት ስንቅ በታካሚው እጅ ሲኖር ነው ሥራው ተሠራ የሚባለው።