ለሞት ዕድር አለን፤ ለሕመምስ?

አንድ አባወራ በአሶሳ ከተማ ከአንድ የመድኃኒት መስጫ መስኮት ፊት ቆሟል እንበል፡፡ በአንድ እጁ ሐኪም የጻፈለትን ማዘዣ፣ በሌላው እጁ የዓመቱን መዋጮ ከፍሎ ያገኘውን የጤና መድን ደብተር ይዟል፡፡ ከመስኮቱ ውስጥ የሚመጣው መልስ አጭር ነው፤ «ይኼ የለም፤ ከውጭ ይግዙ፡፡» አባወራው ደብተሩን አጥፎ ወደ ኪሱ ይመልስና ወደ ግል መድኃኒት ቤት ያመራል፡፡ እዚያም አስቀድሞ ለከፈለበት ነገር ዳግመኛ ይከፍላል፡፡

ይህን መልስ በአገራችን ያልሰማ ሰው ጥቂት ነው፡፡ እኔም በሌላ ከተማ ሰምቼዋለሁ፡፡ ጥያቄው ግን ከአንድ መስኮትና ከአንድ መድኃኒት በላይ ነው፡፡ ያ አባወራ በመዋጮው የገዛው ምንድን ነው? ሕክምና ነው? ተስፋ ነው? ወይስ ሳያውቀው ግብር ከፍሏል? ውድ አንባቢያን፣ መልሱን ለማግኘት ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ ግድ ይለናል፡፡

ዕድር ያስተማረን

ኢትዮጵያዊ የመድንን ሐሳብ ከባዕድ አልተዋሰም፡፡ ከ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ዐሥርት ዓመታት አንሥቶ በከተሞቻችን የተስፋፋው ዕድር የተሟላ መድን ነው፡፡ በየወሩ ጥቂት ገንዘብ ይዋጣል፤ ሞት በመጣ ጊዜ ድንኳን ይተከላል፣ ወንበር ይደረደራል፣ ለሐዘንተኛው ገንዘብ ይሰጣል፡፡ አበው «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ያሉት ይህንኑ ነው፡፡ የመድን ሒሳብ ሁሉ በዚህች አባባል ውስጥ ተጠቅልሎ ይገኛል፡፡

ዕድር ሁለት ነገር ያውቃል፡፡ የመጀመሪያው፣ አባቱ እያጣጣረ ዛሬ ልመዝገብ የሚለውን ሰው በዚያው ቀን አባል አድርጎ የቀብር ወጪ አይሸፍንለትም፡፡ ይህ ጭካኔ አይደለም፤ ሰው ሁሉ ሞት ደጁን ሲያንኳኳ ብቻ የሚገባ ከሆነ ሣጥኑ ባዶ ይሆናል፡፡ የጤና መድንም ጤነኛውን ሰው የሚሻው በዚህ ምክንያት ነው፡፡ ሁለተኛው፣ ዕድርተኛ የገንዘቡን መድረሻ በዓይኑ ያያል፡፡ ድንኳኑ አለ፤ ሒሳቡ በጉባኤ ይነበባል፤ ሰብሳቢው ጎረቤቱ ነው፡፡

ታዲያ ዕድር ሞትን ከቻለ ሕመምን ለምን አልቻለም? ሞት ለአንድ ሰው አንድ ጊዜ ይመጣል፤ ወጪውም ከሞላ ጎደል ይታወቃል፡፡ ሕመም ግን ይመላለሳል፤ ዋጋውም ወሰን የለውም፡፡ ዛሬ የወባ ክኒን ነው፤ ነገ የቀዶ ጥገና አልጋ ነው፡፡ አንድ መንደር የማይችለውን ለመቻል ሰፊ ቋት ያስፈልጋል፡፡ ሰፊ ቋት የሚያቆመው ደግሞ መንግሥት ነው፡፡ ችግሩም የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው፤ ቋቱ በሰፋ ቁጥር ድንኳኑ ከዓይን ይርቃልና፡፡

ወርቅና የጤና ግብር

የአሶሳና የአካባቢው ሕዝብ ለማዕከላዊ መንግሥት መክፈልን የጀመረው ትናንት አይደለም፡፡ በ1890 ዓ.ም. በራስ መኰንን ዘመቻ ቤንሻንጉል ወደ ምኒልክ ግዛት ከተጠቃለለ በኋላ እንደ ሼኽ ኾጀሌ አል ሐሰን ያሉ የአካባቢው ገዦች ግብራቸውን የሚያስገቡት በወርቅ ነበር፡፡ ወርቁ ወደ አዲስ አበባ ይወጣል፤ ከአዲስ አበባ ወደ አሶሳ የሚወርደው ግን እምብዛም አልነበረም፡፡

የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ራሱን ችሎ የቆመው በ1940 ዓ.ም. ነው፡፡ እ.ኤ.አ. በ1959 ደግሞ ዛሬ ብዙዎቻችን የዘነጋነው ነገር ታወጀ፤ የጤና ግብር፡፡ ገበሬው በመሬቱ ላይ ከሚከፍለው ግብርና ከትምህርት ግብር ሌላ ለሕክምና የሚሆን ተጨማሪ ግብር እንዲከፍል ተደነገገ፡፡ ዘመናዊ ሕክምና ግን በዚያ ዘመን ይደርስ የነበረው ለጥቂቱ ሕዝብ፣ ያውም በአብዛኛው ለከተሜው ነበር፡፡ እንግዲህ ገበሬው ሐኪም ፊት ሳይቀርብ ለሐኪም ከፍሏል ማለት ነው፡፡ አስቀድሞ የመክፈልና በኋላ የማጣት ታሪካችን የሚጀምረው ከዛሬው ደብተር አይደለም፡፡

ደርግ በመጣ ጊዜ ቋንቋው ተለወጠ፡፡ ሕክምና መብት ነው ተባለ፤ ለድኻውም የነፃ ሕክምና ወረቀት ከቀበሌ ይጻፍ ጀመር፡፡ በ1977ቱ ድርቅ ወቅት ከወሎና ከሌሎችም አካባቢዎች ብዙ ሺሕ ሰው ወደ አሶሳና ወደ መተከል ሲሰፍር፣ ወባን የማያውቀው ደገኛ ወባ ወደ ነገሠበት ቆላ ወረደ፡፡ በፓዌ በጣልያን መንግሥት ድጋፍ የተካሄደው የጣና በለስ ፕሮጀክት ሆስፒታል ትቶ አልፏል፡፡ ሆኖም ነፃ ተብሎ የተጻፈ ወረቀት መድኃኒት አይሆንም፤ በጦርነት በደከመ በጀት መደርደሪያውን መሙላት አልተቻለም፡፡

የ1990ው ለውጥ

መንግሥት የጤና አገልግሎት ፋይናንስ ስትራቴጂን ያጸደቀው በ1990 ዓ.ም. ነው፡፡ ከዚያ በፊት ታካሚ በካርድ መስኮት የሚከፍላት ሳንቲም ወደ ገንዘብ ሚኒስቴር ግምጃ ቤት ትገባ ነበር፡፡ በአዲሱ አሠራር ግን ጤና ጣቢያውና ሆስፒታሉ የሰበሰቡትን ገንዘብ ለራሳቸው አስቀርተው መድኃኒት እንዲገዙበት ተፈቀደ፡፡ የመክፈል ዐቅም ለሌለው ነፃ ሕክምና፣ ለሁሉም ደግሞ በነፃ የሚሰጡ አገልግሎቶች ተለዩ፡፡ ክትባት፣ የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና፣ የቤተሰብ ምጣኔና በጤና ጣቢያ መውለድ ከእነዚህ መካከል ናቸው፡፡ የጤና መድንም በዚያው ሰነድ ውስጥ ታቅዶ ነበር፡፡

ቅደም ተከተሉን ግን እናስተውል፡፡ ክፍያው ቀደመ፤ መድኑ ዘገየ፡፡ በመካከሉ ያለፉት ከዐሥር የሚበልጡ ዓመታት በሬ ተሽጦ የታከመባቸው ዓመታት ናቸው፡፡ ከዚያም በኋላ በተደረጉት አገር አቀፍ የጤና ወጪ ጥናቶች፣ ለጤና ከሚወጣው ገንዘብ ሲሦ ያህሉ በቀጥታ ከታካሚው ኪስ የሚወጣ ሆኖ ተገኝቷል፡፡ ከኪስ የሚወጣ ገንዘብ ክፋቱ በሰዓቱ ነው፤ ሰው መሥራት ባልቻለበት ቀን ይጠየቃል፡፡

ሁለቱ መድኖች

በ2002 ዓ.ም. የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690 ወጣ፡፡ ደመወዝተኛው ከደመወዙ 3 በመቶ፣ አሠሪው 3 በመቶ፣ ጡረተኛው ደግሞ 1 በመቶ እንዲያዋጡ ታቀደ፡፡ አዋጁ ወጣ፤ ደንቡ ተከተለ፤ መሥሪያ ቤቱም ተቋቋመ፡፡ የሚጀመርበት ቀን ግን በተደጋጋሚ ተላለፈ፡፡ ደመወዝተኛው አገልግሎቱ ሳይሻሻል ደመወዜ ለምን ይነካል ብሎ አጉረመረመ፤ ድምፁም ተሰማ፡፡

ለገበሬውና ለመደበኛ ደመወዝ አልባው የታሰበው ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ግን በ2003 ዓ.ም. በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በደቡብና በትግራይ ክልሎች በሚገኙ 13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀመረ፡፡ መዋጮው ለአንድ ቤተሰብ በወር ከ10 ብር ከ50 እስከ 15 ብር ነበር፤ የፌዴራል መንግሥት የመዋጮውን ሩብ ያህል ይደጉም ነበር፤ ለድኻ ድኾች ክልልና ወረዳ ይከፍላሉ፡፡ በሁለት ዓመት ውስጥ በሙከራ ወረዳዎቹ ካሉት ቤተሰቦች ግማሽ ያህሉ ገቡ፤ ወደ ጤና ጣቢያ የሚሄደውም ሰው በረከተ፡፡ በመሆኑም ሐሳቡ ከንቱ ነው ማለት አይቻልም፡፡ በሬውን ሳይሸጥ የታከመ ገበሬ ምስክር ነው፡፡

ቤንሻንጉል ጉሙዝ ከእነዚያ 13 ወረዳዎች አንድም አልደረሰውም፡፡ መድኑ ወደ አሶሳ የመጣው በኋላ በተደረገው መስፋፋት ነው፡፡

ገዢው ማወቅ ያለበት

አባል የሚሆነው ቤተሰብ እንጂ ግለሰብ አይደለም፡፡ ክፍያው ዓመታዊ ነው፤ ምዝገባውም የራሱ ወቅት አለው፤ ታምሞ መሮጥ አያዋጣም፡፡ መጀመሪያ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ በሪፈር ወረቀት ሆስፒታል ይኬዳል፤ ደረጃውን ዘልሎ የሄደ ከኪሱ ለመክፈል ይዘጋጅ፡፡ መነጽር፣ ለውበት የሚደረግ ቀዶ ጥገናና የውጭ አገር ሕክምና አይሸፈኑም፡፡ የመጓጓዣ ወጪም የታካሚው ነው፡፡ ከላይ የጠቀስናቸው ነፃ አገልግሎቶች ደግሞ ደብተር ላለውም ለሌለውም ነፃ ናቸው፤ ማንም ሊያስከፍልባቸው አይገባም፡፡

ከአሶሳ ሲታይ

አሁን ይህን ሥርዓት በአሶሳ መሬት ላይ እናቁመው፡፡ ከአዲስ አበባ ከ660 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ለሚኖር ሰው የሪፈር ወረቀት መድኃኒት ብቻ ሳይሆን የመንገድ ደብዳቤም ነው፡፡ ሕክምናውን መድኑ ቢሸፍን እንኳ የታማሚውንና የአስታማሚውን መሳፈሪያ፣ ማደሪያና ቀለብ ማን ይሸፍናል? ለሸዋ ገበሬና ለሸርቆሌ ነዋሪ አንድ ዓይነት ደብተር ሲሰጥ እኩልነት ይመስላል፤ ደብተሩ የሚገዛው ነገር ግን እኩል አይደለም፡፡

ሁለተኛው የገቢው ጠባይ ነው፡፡ መዋጮ የሚሰበሰብበት ወቅት የተመረጠው በአብዛኛው የደገኛውን የአዝመራ ወራት ተከትሎ ነው፡፡ ወርቅ አጥቦ የሚኖር፣ ቀርከሃ ቆርጦ የሚሸጥ ሰው ግን ገንዘብ የሚያገኘው በዕድሉ ቀን ነው፡፡

ሦስተኛውና ከባዱ የቋቱ ጥበት ነው፡፡ መድኑ ሲመሠረት ቋቱ በወረዳ ነበር፤ ወረዳውም ከጤና ተቋማት ጋር ውል ይገባል፡፡ በ1999ኙ ቆጠራ የቤንሻንጉል ጉሙዝ ሕዝብ በሙሉ 800 ሺሕ አልሞላም ነበር፡፡ ይህ ሕዝብ በወረዳ ሲከፋፈል እያንዳንዱ ቋት ምን ያህል ትንሽ እንደሚሆን መገመት አያዳግትም፡፡ ጥቂት ከባድ ሕመምተኞች ሊያደርቁት ይችላሉ፡፡ በዚህ ላይ በ2011 ዓ.ም. በካማሺ፣ ከዚያም እስከ 2013 ዓ.ም. ድረስ በከፋ ሁኔታ በመተከል የደረሰውን እናስታውስ፡፡ ብዙ ሺሕ ሰው ቀዬውን ጥሎ ተሰደደ፤ ጤና ኬላዎችና ጤና ጣቢያዎች ተዘረፉ፣ ተዘጉ፡፡ ውሉ ከወረዳው ጋር ነው፤ ወረዳው ግን ባዶ ሆኗል፡፡ ተፈናቃዩ በጉያው የያዘው ደብተር የማን ዕዳ ነው?

ሰላም የመድን ቀዳሚ መዋጮ መሆኑን የምንረዳው እዚህ ላይ ነው፡፡ ሰው ነገን የሚያዋጣው ነገ በዚሁ ቦታ እኖራለሁ ብሎ ሲያምን ነው፡፡

ምን ይሻላል?

አንዳንዶች መዋጮው ቀርቶ ሕክምና ሁሉ ከግብር ይሸፈን ይላሉ፡፡ እንግሊዞች ከእ.ኤ.አ. 1948 ጀምሮ ይህን መንገድ ይዘዋል፡፡ የእኛ የጤና ግብር ታሪክ ግን ያስጠነቅቀናል፤ ግብር በራሱ ጤና ጣቢያ አይሠራም፡፡ ሌሎች ደግሞ መዋጮው ይጨመር ይላሉ፡፡ የመድኃኒት ዋጋ በናረበት ዘመን ጭማሪው ምክንያት የለውም አልልም፡፡ መደርደሪያው ባዶ ሆኖ የሚጨመር መዋጮ ግን መድን መሆኑ ቀርቶ ግብር ይሆናል፡፡

ሩዋንዳን እንይ፡፡ እ.ኤ.አ. በ1999 በሦስት አውራጃዎች ሙከራ ጀመረች፤ በ2008 በሕግ አስገዳጅ አደረገችው፤ ከ2011 ጀምሮ መዋጮውን በኑሮ ደረጃ ከፋፈለች፤ በ2015 ደግሞ የተበታተነውን ቋት ወደ አንድ አገር አቀፍ ተቋም አዛወረች፡፡ ሀብታሙም ድኻውም እኩል የሚያዋጡበትን አሠራር ትታለች፤ ትንሹን ቋት ከትልቁ ጋር አገናኝታለች፡፡ በእኛም አገር ቋቱን ከወረዳ ወደ ዞንና ወደ ክልል የማሳደግ ለውጥ ተጀምሯል፡፡ ጥሩ ነው፡፡ ለቤንሻንጉል ጉሙዝ ግን ክልሉ ራሱ ትንሽ ነው፡፡ የሰፊው አገር ቋት ካልደገፈው የተፈናቀለውን ተፈናቃይ፣ ድኻውን ድኻ እንዲሸከመው መፍረድ ይሆናል፡፡ ወርቁን ስንቀበል አገር አቀፍ የነበርን ሰዎች ሕመሙን ስንካፈል ወረዳ አቀፍ ልንሆን አይገባም፡፡

ይህ ከላይ የሚጠበቀው ነው፡፡ ከታች ደግሞ ዕድርን እንምሰል፡፡ የመዋጮ እድሳት ሲመጣ አባል ሁሉ ሦስት ነገር ይጠይቅ፡፡ ባለፈው ዓመት ከእኛ ስንት ተሰበሰበ? ለጤና ተቋማቱ ስንት ተከፈለ? ስንቱ ማዘዣ «ከውጭ ይግዙ» ተብሎ ተመለሰ? ይህ ሒሳብ በቀበሌው ጉባኤ በአማርኛም፣ በበርታም፣ በጉሙዝም፣ በሺናሻም ቋንቋ ይነበብ፡፡ ከኪሱ የገዛውም ገንዘቡ የሚመለስለት በር ይከፈትለት፡፡

መድኃኒትና መድኅን ከአንድ የግእዝ ሥር የወጡ ቃላት ናቸው፤ ሁለቱም ማዳንን ይናገራሉ፡፡ ያ አባወራ በመስኮቱ ፊት ያጣው አንዱ ከሌላው መገናኘቱን ነው፡፡ ለሞታችን ድንኳን መትከል ያላቃተን ሕዝብ፣ ለሕመማችን መደርደሪያ መሙላት ሊያቅተን አይገባም፡፡

ቸር እንሰንብት፡፡