ስእለት፣ ስምና ቆብ፦ «ፍቅር እስከ መቃብር» የማደግን ነገር በምሳሌ የሚናገርበት መንገድ

መግቢያ

ከደጀን ተነሥቶ በቢቸናና በደብረ ወርቅ በኩል ወደ ሞጣ በሚያቀናው መንገድ የሚጓዝ ሰው፣ በግራና በቀኝ ከሜዳው ብድግ ብድግ ብለው የሚታዩትን የአድባራት ዛፎች እየቈጠረ ሲያልፍ፣ ከአማርኛ ልብ ወለዶች ሁሉ በሕዝብ ልብ ጠልቆ የገባው መጽሐፍ የተጸነሰበትን አገር እያቋረጠ መሆኑን ቢያስታውስ ይገባዋል። ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1902 ዓ.ም. በጎጃም ተወልደው፣ በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና ከቢቸና ብዙ በማይርቀው በዲማ ጊዮርጊስ የቤተ ክርስቲያንን ትምህርት ከቀሰሙ፣ ኋላም በጠላት ወረራ ጊዜ በአርበኝነት ተዋግተው፣ ተማርከውም በኢጣልያ ከታሰሩና ከነጻነት በኋላ አገራቸውን በውጭ ጉዳይ አገልግሎት ካገለገሉ በኋላ፣ በ1958 ዓ.ም. «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ባሳተሙ ጊዜ፣ የታሪኩን እምብርት ያሳረፉት በዚያው በተማሩበት በዲማ ነው።

ይህን መጽሐፍ አንዳንዱ የፍቅር ታሪክ ነው ሲል፣ አንዳንዱ ደግሞ በባላባት ሥርዓት ላይ የቀረበ ክስ ነው ይላል፤ ሁለቱም እውነት ነው። ነገር ግን ከሁለቱ በታች ሆኖ ሁለቱን የሚሸከም አንድ ሦስተኛ ነገር አለ፤ ይኸውም በዛብህ የተባለው የማንኩሳ ልጅ ከመወለዱ ጀምሮ እስኪሞት ድረስ ሰው የሆነበት፣ የራሱንም ፈቃድ ያወቀበት የዕድገት ታሪክ ነው። የዚህ መጣጥፍ ሐሳብ እንዲህ የሚል ነው፦ በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ምሳሌ ለጌጥ ከውጭ የተለጠፈ ነገር አይደለም፤ ባለታሪኩ በቅኔ ቤት ሰምን ከወርቅ መለየት የተማረ በመሆኑ፣ ማደግ ማለት ሌሎች በሰም የጣሉለትን የራሱን ሕይወት ወርቁን እየፈተሸ ማንበብ ነው፤ አንባቢውም ከእርሱ ጋር አብሮ ይማራል።

ስለ ምሳሌ ባሕርይ

በአውሮፓ ሥነ ጽሑፍ የወጣት ሰውን ዕድገት የሚተርክ ልብ ወለድ ራሱን የቻለ ወገን ሆኖ የታወቀው፣ ጀርመናዊው ጎተ በ1795 እና በ1796 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር «ዊልሄልም ማይስተር»ን ካሳተመ ወዲህ ነው፤ ከዚያም በኋላ አየርላንዳዊው ጄምስ ጆይስ በ1916 ባወጣው መጽሐፍ፣ በካህናት ትምህርት ቤት ያደገ አንድ ልጅ የስሙን ምሥጢር እየመረመረ ከአገሩ ተለይቶ ሲሄድ አሳየ። የኛው በዛብህም በካህናት እጅ ያደገና ስሙ ምሥጢር የያዘ ልጅ ነው። ይሁን እንጂ የጆይስ ልጅ የሚጨነቅበት ትርጓሜ ከጥንት ግሪኮች ተረት የተቀዳ ሲሆን፣ የበዛብህ ግን ከእናቱ አፍ፣ ከመምህሩ ጉባኤና ከሚለብሰው ደበሎ የወጣ ነው።

የአገራችን ሊቃውንት ለዚህ ነገር የቈየ ቃል አላቸው። ምሳሌ፣ አምሳል፣ ትእምርት፣ ኅብር፣ ሰምና ወርቅ የተባሉት ሁሉ በየፊናቸው አንድ ነገር ሌላውን የሚያሳይበትን መንገድ የሚሰይሙ ናቸው፤ የመጻሕፍት መምህራንም በአንድምታ አንድን ቃል «አንድም» እያሉ ደጋግመው ሲተረጕሙ፣ ሁለተኛው ትርጓሜ የመጀመሪያውን እንዳይሽረው ይጠነቀቃሉ። ሰሙ ሰም ሆኖ ካልቆመ ወርቁ የሚፈስበት አያገኝምና።

ይህን ነገር ሞጣ ያለ ሰው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከዓባይ ሊማረው ይችላል። ጎጃምን ከበጌምድር እንዲያገናኝ በ17ኛው መቶ ዓመት በድንጋይና በኖራ የታነጸው ድልድይ በጣልያን ወረራ ዘመን አንድ ቅስቱ ተሰብሮ ስሙ ሰባራ ድልድይ ተብሎ ቀረ፤ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዘመን ተሻጋሪው ገመድ በወገቡ አስሮ፣ በወዲያ ማዶ ያሉ ሰዎች እየጐተቱት፣ ከሥሩ ጥቁሩ ገደል እየታየው ይሻገር ነበር። ሰባራ ድልድይ የመለያየትና የመሻገር ምሳሌ ነው ቢባል እውነት ነው፤ ነገር ግን ምሳሌነቱ የሚያዘው ገመዱ ወገቡን ለከረከረው ሰው ነው። ከዕቃው አስቀድሞ ትርጓሜውን የተቀበለ ሰው ቃል ይዟል እንጂ ምሳሌ አልያዘም።

ስእለቱ

የበዛብህ አባት ቦጋለ መብራቱና እናቱ ውድነሽ በጣሙ ዕድሜ ከገፋ በኋላ የተጋቡ ሰዎች ናቸው፤ ከዚህም የተነሣ ልጁ ለእነርሱ ከተስፋ ውጭ የተገኘ ስጦታ ነው። የተሰጣቸውንም እንዳይነጠቁ ፈርተው ልጃቸውን ለእግዚአብሔር ተሳሉት፤ በምንኩስና ቤተ ክርስቲያንን እንዲያገለግልም አሳልፈው ሰጡት። እንግዲህ ልጁ ገና ቃል መናገር ሳይጀምር ቃል ተገባበት።

የመጽሐፉ ዋና ነገር በዚህ በአንዱ ስእለት ውስጥ ተጠቅልሎ ይገኛል። ስእለት በሰሙ የወላጅ ፍቅር ነው፤ ከእርሱ የሚበልጥ ፍቅርም የለም፣ የራሱን ልጅ ለራሱ ሳያስቀር የሚሰጥ ፍቅር ነውና። በወርቁ ግን አንድ ሰው በሌላው ሰው ዕድሜ ላይ የሚፈርመው ውል ነው። ደራሲው ከሁለቱ አንዱን መርጠው ሌላውን አልኰነኑም፤ እናቲቱን የምንወዳትን ያህል ልጁን እናዝንለታለን፤ ሁለቱም በልባችን ሲገናኙ፣ ማደግ ማለት ከሚጠሉን ሰዎች እጅ ብቻ ሳይሆን ከሚወዱን ሰዎች ቃል ጭምር ራስን መቀበል መሆኑ ይገባናል። ይህን ሐሳብ ደራሲው በስብከት ቢነግሩን ኖሮ በአንድ አንቀጽ አንብበን በሁለተኛው በረሳነው ነበር።

ልብ ማለት ያለብን ሌላም ነገር አለ። የትውልድ መንደሩ ማንኩሳ በካርታ ላይ ያለ የምዕራብ ጎጃም አገር ነው፤ ነገር ግን ኅብር የለመደ ጆሮ በስሙ ውስጥ «መነኮሰ» የሚለውን ድምፅ ሳይሰማ አያልፍም። ደራሲው ይህን አስበው መርጠውት ይሁን አይሁን የሚያከራክር አይደለም፤ የቅኔ ቤት ልጅ የጻፈውን መጽሐፍ በቅኔ ቤት ጆሮ መስማት የአንባቢ መብት ነው።

ስሞቹ

በጎጃም ባላገር ዘንድ ስም ብዙ ጊዜ ሙሉ ዐረፍተ ነገር ነው፤ ወላጅ ለልጁ፣ ለጎረቤቱ ወይም ለፈጣሪው የሚናገረውን በልጁ ላይ ይጽፈዋል። በዛብህ የሚለው ስም በአንድ ወገን ሲታይ «በአንተ ምክንያት በዛ» ማለት ነው፤ ዘግይተው አንድ ልጅ ያገኙ ወላጆች፣ ቤታቸው በእርሱ መሙላቱን ሊናገሩ እንዲህ ቢሉ ያምርባቸዋል። በሌላው ወገን ግን ያው ስም «በላይህ በዛ፣ ከበደብህ» ማለት ነው። አንዲት ዝርዝር፣ «ብህ» የምትለው፣ በረከቱንም ሸክሙንም እኩል ተሸክማለች፤ ልጁ ሲያድግ የሚያልፍበት መንገድም ከመጀመሪያው ትርጓሜ ወደ ሁለተኛው የሚወስደው መንገድ ነው። ከቅኔ ዓይነቶች ሦስት ቤት ያለው ሚበዝኁ ስሙን ያገኘው ዳዊት ጠላቶቹ መብዛታቸውን ከሚያመለክትበት መዝሙር መሆኑን የሚያውቅ አንባቢ፣ በዛብህ ሲባል የዚያ ልቅሶ ድምፅ ከሩቅ ይሰማዋል።

የሌሎቹም ስሞች እንዲሁ ናቸው። በዛብህ የሚያፈቅራት ልጅ ስም፣ ሰብለ ወንጌል፣ የወንጌል አዝመራ ማለት ነው፤ አዝመራ ግን ደርሶ ሳይታጨድ ከቈየ ይረግፋል፤ አባቷ ፊታውራሪ መሸሻ በዘር የሚተካከላት ባል አጣሁ እያሉ የጋብቻ ዕድሜዋን ሲያሳልፉባት፣ ስሟ የቤቱን በደል ዝም ብሎ ይመሰክራል። የእናቷ ስም ጥሩአይነት ሆኖ መገኘቱ፣ ያ ቤት ሌት ተቀን የሚጨነቅበትን የዘር ጥራት በጠራነው ቍጥር ያሳስበናል። መሸሻ ማለት ሰው ሸሽቶ የሚጠጋበት ስፍራ ነው፤ ገበሬዎቹ ግን በአበጀ በለው መሪነት መሣሪያ አንሥተው ማረኳቸው፤ የገዛ ልጃቸውም ከቤታቸው ሸሸች። መጠጊያ የተባለው ሰው የሚሸሹት ሰው ሲሆን ማየት፣ ስለ ሥርዓቱ መበላሸት ከሚጻፍ ረጅም ሐተታ ይልቅ ይናገራል። ሥርዓቱን የሚነቅፈው ካሳ ዳምጤም እውነቱን ገልጦ ስለ ተናገረ ጉዱ ካሳ ተባለ፤ «ጉድ» የሚለው ቅጽል የሰየመውን ሰው ሳይሆን የሰየሙትን ሰዎች ይገልጣል።

አኩፋዳና ፊደል

የቆሎ ተማሪን በቢቸና አካባቢ ያላየ ሰው የለም። ጎህ ሲቀድ ደበሎውን ትከሻው ላይ ጥሎ፣ አኩፋዳውን በጎኑ አንጠልጥሎ፣ ውሻ የሚከላከልባትን በትር ይዞ፣ ከደጃፍ ደጃፍ በማርያም ስም እየለመነ ይዞራል፤ ያገኘውን ቁራሽ ከጓደኞቹ ጋር ተካፍሎ ከቀመሰ በኋላ ከአንድ ዛፍ ሥር ለብቻው ተቀምጦ ቅኔ ይቈጥራል፤ የቈጠረውንም ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ቤቱ የጐደለውን፣ ሰሙ ከወርቁ ያልገጠመውን እየነቀሱ ያርሙታል። በአንድ ቀን ውስጥ ያ ልጅ ከሁሉ በታች የሆነ ለማኝ፣ ከብዙዎችም በላይ የሆነ ባለ ቃል ነው።

ይህ ድርብ ኑሮ የመጽሐፉ መሠረት ነው። በዛብህ በዲማ በትምህርት ከፍ ብሎ ወደ ፊታውራሪ መሸሻ ቤት ሰብለ ወንጌልን ሊያስተምር ሲገባ፣ በእውቀት መምህር፣ በዘር ግን የድኻ ልጅ ሆኖ ይገባል። በሁለቱ መካከል የምትቆመው ፊደል ናት። ፊደል በሰሟ የንባብ መጀመሪያ ናት፤ መምህርና ተማሪ በአንድ ገጽ ላይ ሲያጐነብሱ ግን የጌታና የሎሌ ወንበር ለጊዜው እኩል ይሆናል፤ በቤቱ ውስጥ ይህ እኩልነት የሚፈቀድበት ሌላ ስፍራ የለም። ስለዚህ ፍቅራቸው በትምህርት ሰዓት መወለዱ ለታሪክ ማመቻቻ የተደረገ ነገር አይደለም። ለማንበብ የተፈቀደላት ልጅ የራሷን ልብ ብታነብ፣ ምሥጢር መፍታት የተማረ ልጅ የተሳለበትን ስእለት ሊፈታ ቢነሣ፣ ይህ ከትምህርት የሚጠበቅ ፍሬ ነው፤ ልጆቹን እንዲያነቡ ያስተማረው ዓለም ግን ያነበቡትን እንዲኖሩበት ስፍራ አላዘጋጀላቸውም።

ቆቡ

ከምሳሌዎቹ ሁሉ የረቀቀው በመጨረሻ የሚመጣው ነው። ለምንኩስና መንገድ የተሰጠው በዛብህ ወደደ፤ ለጋብቻ ስትጠበቅ የኖረችው ሰብለ ወንጌል የመነኵሴ ልብስ ለብሳ፣ ሴትነቷን ሸሽጋ፣ እርሱን ፍለጋ ወጣች። በዚያ ጊዜ ልብሱ መደበቂያ ነው፤ ማለት ሰም ነው። በመንገድ ላይ ሊሞት ሲል ደርሳ ካገኘችውና ከቀበረችው በኋላ ግን፣ መደበቂያ የነበረው ቆብ እውነተኛ ቆብ ሆነ፤ መነኰሰች። ሰሙ ሳይለወጥ ወርቁ ተገለጠ። ወላጆቹ በማንኩሳ የገቡት ስእለትም፣ ከልጁ አምልጦ በምትወደው ሴት ላይ ተፈጸመ።

እነሆ፣ የዕድገት ታሪክ በአውሮፓ ልማድ ወጣቱ ዓለምን አውቆ በዓለም ውስጥ ስፍራ በማግኘቱ ወይም ከዓለሙ ተለይቶ በመሄዱ ይፈጸማል። በእኛው መጽሐፍ ግን ሰብለ ወንጌልም ከበዛብህ ጋር አድጋለች፤ ልዩነቱ እርሱ በሌሎች ፈቃድ ሊለብሰው የነበረውን እርሷ በራሷ ፈቃድ መልበሷ ነው። አንዱ ቆብ በውል ሲመጣ እስራት፣ በፍቅር ሲመጣ ነጻነት መሆኑን አንባቢው በዓይኑ ያያል። የመጽሐፉ ስም መቃብርን የፍቅር ወሰን አድርጎ የሚጠራ ቢመስልም፣ «እስከ» የምትለው ቃል ርቀትንም ትለካለች፤ ፍቅር ለመቃብር ሳይሸነፍ እስከዚያ ድረስ ሊሄድ እንደሚችል ትናገራለች።

መደምደሚያ

ወጋየሁ ንጋቱ ይህን መጽሐፍ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው፣ ፊደል ያልቈጠሩ እናቶች ምን ማለት እንደሆነ ማንም ሳያስረዳቸው አልቅሰዋል፤ ሰሙን አሟልተው ስላዳመጡ ወርቁ በራሱ ደረሳቸው። ዛሬ ግን በየትምህርት ቤቱ ልጆች ይህን የመሰለውን ድርሰት ሲማሩ፣ ቆብ የዚህ ምሳሌ ነው፣ መንገድ የዚያ ምሳሌ ነው እያሉ በዝርዝር ሸምድደው ለፈተና ሲያቀርቡት ማየት ልብ ያሳዝናል። ይህ ወርቁን ያለ ሰሙ መስጠት ነው፤ እንዲህ ያለውን ቅኔ ደግሞ የጎጃም መምህር ተቀብሎ አያውቅም።

ስለዚህ የቢቸናና የሞጣ የአማርኛ መምህራን ከሌላው አገር መምህራን የሚበልጥ አንድ ሀብት በደጃቸው እንዳላቸው እንዲያስቡ እለምናለሁ። ተማሪዎቻቸውን ምሳሌ ምን እንደሆነ ከመጠየቃቸው አስቀድሞ፣ አንድ ቀን ወደ ዲማ ይዘዋቸው ቢሄዱ፣ በእነርሱ ዕድሜ ያለ ልጅ አኩፋዳውን አጠገቡ አስቀምጦ ከዛፍ ሥር ቅኔ ሲቈጥር ቢያዩ፣ ለመምህሩም ሲነግር ቢሰሙ፣ ከዚያም ተመልሰው መጽሐፉን ከመጀመሪያው ገጽ ቢገልጡት፣ በዛብህ የሚለውን ስም ገና ሲያነቡ ቆም ይላሉ። በበረከቱና በሸክሙ መካከል ቆሞ ማሰብ የጀመረ ልጅም፣ ወላጆቹ ባወጡለት በገዛ ስሙ ውስጥ ምን እንዳለ መጠየቁ አይቀርም።