የባሕር ዳር እርግቦች

የአውሮፕላን አደጋ ሲነሣ ብዙዎቻችን ቀና ብለን ሰማዩን እናያለን። ዛሬ በደጃዝማች በላይ ዘለቀ ስም የሚጠራው የባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያ ታሪክ ግን ዓይናችንን ወደ መሬት ይመልሰዋል።

መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ወደ አሥመራ የሚጓዝ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ባሕር ዳር አርፎ ጉዞውን ሊቀጥል ተነሣ። 104 ሰዎች ተሳፍረውበታል። ገና ከመሬት እንደ ተላቀቀ ከእርግብ መንጋ ጋር ተጋጨ፤ ወፎቹም ሁለቱም ሞተሮች ውስጥ ገቡ። አብራሪዎቹ ወደ ማረፊያው ለመመለስ ሲሞክሩ ሞተሮቹ ከዷቸው። አውሮፕላኑ ጎማውን ሳይዘረጋ ሜዳ ላይ በሆዱ አረፈ፤ እሳትም ተነሣ። 35 ሰዎች ሞቱ።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል። አንዷ እርግብ ብትመዘን ግማሽ ኪሎ አትሞላም። የጄት ሞተር ግን አየር እየሳበ የሚሠራ በመሆኑ ከአየሩ ጋር ወፉንም ይስባል። በደቂቃ በሺህ የሚቆጠር ዙር የሚሽከረከሩት ስለቶቹ ሲጣመሙ ወይም ሲሰበሩ ጉልበቱን ያጣል። አንድ ሞተር ቢጠፋ በሌላው መብረር ይቻላል፤ ሁለቱም ሲታወኩ ግን ለአብራሪው የሚቀረው ጊዜ እጅግ አጭር ነው።

እኔ እንደማየው የትንሽ ማረፊያ ፈተና ጸጥታው ነው። በረራዎቹ ጥቂት ሲሆኑ በመካከላቸው ባለው ረዥም ሰዓት ሜዳው የወፉና የከብቱ ይሆናል። ስለዚህ ዋናው ሥራ አውሮፕላኑ ከመምጣቱ በፊት ያለው ነው፦ መንደርደሪያውን ከዳር እስከ ዳር መቃኘት፣ ወፎቹን በድምፅ ማባረር፣ ሣሩን በልኩ ማጨድ፣ የፈሰሰ እህልና ቆሻሻ በአካባቢው እንዳይከማች መከልከል። ይህ ደግሞ የማረፊያው ሠራተኛ ብቻ ሳይሆን የከተማው ማዘጋጃ ቤትና የአጎራባቹ ገበሬም ጉዳይ ነው።

ከአደጋው 20 ዓመት በኋላ፣ ጥር 7 ቀን 2001 ዓ.ም.፣ ከኒውዮርክ የተነሣ ኤርባስ ከዝይ መንጋ ጋር ተጋጭቶ ሀድሰን ወንዝ ላይ አረፈ፤ 155ቱም ተሳፋሪዎችና ሠራተኞች ተረፉ። ፊልምም ተሠራበት። የእኔ ትውልድ ያንን ፊልም አይቶ አድንቋል፤ ስለ ባሕር ዳሩ ሲወራ ግን ብዙም አልሰማም። መትረፍ ሲወራለት ሞት ይረሳል ማለት ነው? በየክፍለ ሀገሩ ማረፊያ በንጋት መንደርደሪያውን የሚቃኘው ሠራተኛ የሚጠብቀው ምን እንደሆነ የሚገባን ግን እነዚያን 35 ሰዎች ስናስታውስ ነው።