የደም ብዛት መለኪያ ከየት መጣ?



ለቅሶ ቤት ተቀምጠን «ምን ሆኖ ነው?» ብለን ስንጠይቅ፣ ብዙ ጊዜ የምንሰማው መልስ «ምንም አላለውም ነበር፤ ድንገት ነው የወደቀው» የሚል ነው። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ድንገተኛውን ሞት ሁሉ ደም ብዛት አመጣው አልልም። ነገር ግን ምንም ሳይል የሚጥል በሽታ ዋነኛው እሱ ስለሆነ፣ መለኪያው እንዴት እንደተገኘ ያነበብሁትን ላካፍላችሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ስሙ ራሱ ያሳስታል። «ደም ብዛት» ስንል ደም የበዛ ይመስለናል። ነገሩ ግን ደም የሥሩን ግድግዳ የሚገፋበት ኃይል መጨመሩ ነው። ድሮ ፈረንጆቹም ለብዙ በሽታ ደም ያፈሱ ነበር፤ እኛ በዋግምት፣ እነሱ በምላጭና በአልቅት።

ይህን ግፊት በመጀመሪያ የለካው ሐኪም ሳይሆን ቄስ ነው። እስቲቨን ሔልስ የሚባል እንግሊዛዊ ቄስ አንዲት ባዝራ አስተኝቶ አስሮ፣ ጭኗ ላይ ካለው የደም ሥር ቀጭን ቱቦ አገባና ረዥም የብርጭቆ ቧንቧ ቀጠለበት። ደሙ ሽቅብ ወጥቶ ሁለት ሜትር ተኩል ያህል ደረሰ። ይህንንም በ1733 በመጽሐፍ አሳተመ። ታዲያ ሰውን እንዲህ አድርጎ መለካት አይቻልም። በ1828 ፈረንሳዊው ፑዋዜይ በረዥሙ ቧንቧ ፈንታ ሜርኩሪ አደረገ፤ ሜርኩሪ ከውሃ አሥራ ሦስት እጥፍ በላይ ስለሚከብድ አጭር ቧንቧ ይበቃዋል። ዛሬም የሚነገረን ቁጥር የሜርኩሪ ከፍታ በሚሊሜትር ነው።

ሥር ሳይበሱ መለካት በደንብ የተቻለው በ1896 ነው። ጣሊያናዊው ሐኪም ሪቫ ሮቺ ክንድ ላይ የሚጠመጠም ጎማ ሠራ። ዕቃው ከየቤቱ የሚገኝ ነበር፤ የብስክሌት ጎማ የውስጥ ላስቲክና የቀለም ብልቃጥ ሳይቀር ገብቶበታል። ጎማው በአየር ሲነፋ የእጅ ትርታ የሚጠፋበትን ቁጥር ይመዘግባል። በዚህ ዘዴ ግን የሚገኘው የላይኛው ቁጥር ብቻ ነበር። የታችኛውን የጨመረልን ሩሲያዊው ኮሮትኮቭ ነው። በ1905 በፒተርስበርግ ከጎማው በታች ማዳመጫ አድርጎ፣ አየሩ ቀስ እያለ ሲለቀቅ ድምፅ የሚጀምርበት የላይኛው፣ ድምፁ የሚጠፋበት የታችኛው ግፊት መሆኑን አስረዳ። ጽሑፉ አንድ ገጽ እንኳ አይሞላም። «120 በ80» የምንለው ከዚያ የመጣ ነው።

መለኪያው ተገኘ፤ መድኃኒቱ ግን ገና ነበር። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት በመጋቢት 1944 ሲለኩ 186 በ108 ሆነው ተገኙ። የተደረገላቸው ጨው መቀነስ፣ ማረፍ፣ ሲጋራ ማሳነስና ለልባቸው የሚሆን መድኃኒት ነበር፤ ግፊቱን በደህና የሚያወርድ እንክብል አልነበረም። በሚያዝያ 1945 ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም ፈሶ በ63 ዓመታቸው አረፉ። ያን ያህል ሥልጣንና ሐኪም እያላቸው!

በ1958 ጨውና ውሃን በሽንት የሚያስወጣ ክሎሮታያዛይድ የሚባል እንክብል ለገበያ ወጣ። በ1967 ደግሞ እዚያው አሜሪካ ግፊታቸው በጣም ከፍ ያለ 143 ወንዶች ላይ የተደረገ ጥናት ታተመ። መድኃኒት የሌለበት እንክብል ከተሰጣቸው 70 ሰዎች 27ቱ ከባድ አደጋ ሲደርስባቸው፣ መድኃኒቱን ከወሰዱት 73 ሰዎች ግን ሁለት ብቻ ናቸው። ከዚህ በኋላ ክርክሩ እያበቃ ሄደ።

እንግዲህ ወገኖቼ፣ ሩዝቬልት ተለክተው መድኃኒት አጡ። እኛ ደግሞ መድኃኒት እያለ «ምን አሞኝ ልለካ?» እንላለን። በሽታው እስኪጥለን አያምም እኮ! አምስት ደቂቃ አርፎ፣ ተቀምጦ፣ ክንድን በልብ ትክክል አድርጎ መለካት ነው። ቁጥሩ ደጋግሞ ከ140 በ90 ከበለጠ ሐኪም ዘንድ መሄድ ያስፈልጋል። የታዘዘውንም እንክብል «ተሻለኝ» ብሎ በራስ ማቆም አይገባም፤ የተሻለው መድኃኒቱ ስላለ ነው።

ዕድራችን ድንኳን ተክሎ ለመቅበር መቼም አይሰንፍም። ግን ሳይቸኩል ቢቀብረን ይሻላል። ዕድሜና ጤና ይስጠን።