የጮቄ ተራራ የአየር ጠባይና የናዳ አደጋ

ጮቄ በአማራ ክልል፣ በምሥራቅ ጎጃም ዞን የሚገኝ ተራራ ሲሆን ከፍተኛው ጫፉ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 4,100 ሜትር ይደርሳል። ከደብረ ማርቆስ በስተ ሰሜን፣ ከብቸና በስተ ሰሜን ምዕራብ፣ ከሞጣ ደግሞ በስተ ደቡብ ይገኛል። ከብዙ ሚሊዮን ዓመታት በፊት በእሳተ ገሞራ የተፈጠረ ነው። ሙጋ፣ ሱሃ፣ ጨሞጋና ጀደብን የመሳሰሉ የዓባይ ገባሮች ከዚሁ ተራራ ይነሣሉ።

ቅዝቃዜና ውርጭ

ብቸናና ሞጣ የሚገኙት በ2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር አየሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ስለሚቀንስ፣ የጮቄ ጫፍ ከሁለቱ ከተሞች በ10 ዲግሪ ገደማ ይቀዘቅዛል። ክረምቱ ካለፈ በኋላ ሰማዩ ሲጠራ መሬት የቀን ሙቀቷን በሌሊት ቶሎ ስለምታጣ ውርጭ ይወርዳል፤ ያልደረሰ ሰብልም ይጎዳል። በከፍተኛው ክፍል ጅብራ፣ አስታና ጓሳ ይበቅላሉ።

በረዶ

በአማርኛ «በረዶ» የሚለው ቃል ሁለት ነገሮችን ያመለክታል። አንደኛው ከነጎድጓዳማ ዝናብ ጋር የሚወርደው ጠጣር እንክብል ነው። ሁለተኛው በቀዝቃዛ አገሮች እንደ ባዘቶ ጥጥ እየረገፈ የሚከመረው ነው። ጮቄ ላይ የተለመደው የመጀመሪያው ሲሆን ሜዳውን ቢያነጣውም ብዙ ሳይቆይ ይቀልጣል። የበረዶ ናዳ የሚከሰተው ግን ሁለተኛው ዓይነት ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ባዘነበለ ገደል ላይ ተደራርቦ ሲከመርና ከሥሩ ያለው ንብርብር ሲከዳው ነው። ስለዚህ በጮቄ የበረዶ ናዳ አይታወቅም።

የመሬት መንሸራተት

በኢትዮጵያ ደጋዎች የበረዶ ናዳን ቦታ የሚይዘው የመሬት መንሸራተት ነው። የክረምት ዝናብ ወደ አፈሩ ሲሰርግ አፈሩ ይከብዳል፣ እርስ በርስ የሚይያዝበት ኃይልም ይላላል። ዛፍ የተመነጠረበት ተዳፋት የሥር ድጋፍ ስለሌለው ይበልጥ ይጋለጣል። በመሬት ላይ አዲስ ስንጥቅ መታየት፣ የዛፍ ወይም የአጥር መዝመም፣ የምንጭ ውኃ በድንገት መደፍረስ የማስጠንቀቂያ ምልክቶች ናቸው።

ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በደቡብ ኢትዮጵያ ጎፋ ዞን በደረሰው ናዳ ከ200 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ከሟቾቹ ብዙዎቹ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት የተሰበሰቡ ነበሩ፤ ሁለተኛው ናዳ እነሱንም ቀበራቸው። አንድ ጊዜ የተናደ ተዳፋት ዳግም ሊናድ ስለሚችል፣ ነፍስ አድን ሥራ ሲካሄድ ከላይ ያለውን ተዳፋት የሚጠብቅ ሰው ማቆም ያስፈልጋል።