ቁንጭርና የጊኒ ፒጉ ጆሮ

እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በአዲስ አበባ የልዕልት ዘነበወርቅ ሆስፒታል ከሚታከሙት መካከል ፊታቸውና እጅ እግራቸው በእባጭ የተሸፈነ፣ ነገር ግን የሥጋ ደዌ ያልያዛቸው ሕሙማን ይገኙ ነበር፡፡ ሕመማቸው ቁንጭር ነው፡፡ ሆኖም እንደ ተለመደው ቁንጭር አንድ ስፍራ ቆስሎ፣ ቆይቶም ጠባሳ ትቶ የሚሽር አልነበረም፡፡ የሊሽማኒን የቆዳ ምርመራ ሲደረግላቸው ቆዳቸው መልስ አይሰጥም፤ በሽታው በራሱ በሚሽርላቸው ሰዎች ላይ ግን ቆዳው ይቆጣል፡፡ ጥገኛው በሁለቱም ዘንድ ያው ሆኖ ሳለ ልዩነቱ ከየት መጣ?

ይህን የመረመረው እንግሊዛዊ ሐኪም አንቶኒ ብራይስሰን ጥናቱን በ1969 እና በ1970 አሳተመ፡፡ በሰው ላይ ሊሞከር የማይገባውንም ከባልደረቦቹ ጋር በጊኒ ፒግ ላይ ሞከረ፡፡ የተጠቀሙት በኢትዮጵያ ያለውን ጥገኛ ሳይሆን፣ በብራዚል ከጊኒ ፒግ የተገኘውን ዘመዱን ነበር፡፡ ቁስሉ ሽሮላቸው የዳኑት እንስሳት ዳግመኛ ሲለከፉ ተቋቋሙት፡፡ የሊምፎሳይቶችን ሥራ የሚያዳክም ሴረም ለረጅም ጊዜ የተሰጣቸው ግን በሽታው ጸናባቸው፤ ከመጀመሪያው ስፍራም አልፎ ተሠራጨ፡፡ የሆስፒታሉ ሕሙማን ያጡት ይህንኑ ኃይል መሆኑ በዚህ ይበልጥ ታመነ፡፡ በ1989 ደግሞ በአይጦች ላይ የተደረገ ጥናት፣ በሚድኑት ዘር ጋማ ኢንተርፌሮን፣ በማይድኑት ኢንተርሊውኪን 4 እንደሚበረታ አሳየ፡፡ ለሰው የሚሆን ክትባት ግን እስከ ዛሬ አልተገኘም፡፡

በዚያው ዘመን ሌሎች ተመራማሪዎች የጥገኛውን መኖሪያ ፍለጋ በወሎ ኩታበር፣ በጋሞ ኦቾሎና በወለጋ አለኩ ተሰማርተው ነበር፡፡ በ1973 ጥገኛው ሊሽማንያ ኢትዮፒካ ተብሎ ተሰየመ፤ ጎተራውም ሽኮኮ ሆኖ ተገኘ፡፡ ከሽኮኮ ወደ ሰው የምታደርሰው የአሸዋ ዝንብ ናት፡፡ አሶሳ በጊዜው የወለጋ ጠቅላይ ግዛት አውራጃ ነበረች፡፡ ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,500 ሜትር ያህል ላይ ስለምትገኝ፣ ከ1,400 እስከ 2,700 ሜትር በሚዘረጋው የቁንጭር አገር የታችኛው ጠርዝ ላይ ናት፤ ከእርሷ ወደ ዓባይ ሲወረድ ያለው ቆላ ከዚያ ውጭ ይቀራል፡፡

ሽኮኮው ራሱ ጥገኛውን በአፍንጫው ቆዳ ተሸክሞ፣ አብዛኛውን ጊዜ ቁስል ሳይታይበት በዓለቱ ላይ ፀሐይ ሲሞቅ ይውላል፡፡